ሉፐስ ይዞኝ «ተፈውሻለሁ» ያልኩበት ዓመት

መጀመሪያ ያመመኝ ጣቴ ነው። አንድ ማለዳ የሚስ ሱማናን የመድኃኒት ጠርሙስ ልከፍት ብል ክዳኑ አልዞር አለኝ። ጣቶቼ እንደ ቋንጣ ደርቀዋል። ቀን ላይ ለቀቀኝና ረሳሁት። በማግስቱ ግን ተመለሰ። ቀጥሎ ጉንጮቼ ቀሉ፤ የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ነው አልኩ። ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ፤ ሻምፖው ነው አልኩ። ሽንቴ አረፋ ሲያወጣ ግን የማሳብበው ነገር አጣሁ።

ሚስ ሱማና በኬርጊቨርነት የምረዳቸው የስሪላንካ ሴት ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሚድ ዊልሻየር ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ዎከር በሚባል ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይሄዳሉ። ቡድሂስት ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የቡድሃ ሐውልት ፊቴን አዙሬ «በኢየሱስ ስም» እያልኩ ነበር አቧራዋን የምጠርገው። አይተው ይስቁብኝ ነበር። ዳሌያቸው ሲነሳባቸው «ዛሬ ያመኛል» ይላሉ፤ ልክ ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው። ይሄ ይገርመኝ ነበር። እኛ ቤት ታማሚ ሲጠየቅ የሚመልሰው «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ብሎ ነው።

ሐኪም ዘንድ የላኩኝም እሳቸው ናቸው። የመገጣጠሚያ ሐኪሟ፣ ሩማቶሎጂስቷ፣ የደም ምርመራውንና ከኩላሊቴ የተወሰደውን ናሙና አይታ እንዲህ አለችኝ፦ «ሉፐስ ነው። የሰውነትሽ መከላከያ ራስሽን እያጠቃ ነው፤ ኩላሊትሽ ላይም ደርሷል። ጨርሶ አይጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ልንቆጣጠረው እንችላለን።» ፕሬድኒሶን፣ ማይኮፌኖሌትና ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን አዘዘችልኝ። እኔ የሰማሁት «አይጠፋም» የሚለውን ብቻ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተፈወሰ ሰው ማይክ ይዞ ይመሰክራል። ያልተፈወሰ ሰው የሚይዘው ማይክ የለም። መድኃኒቱን በጀመርኩ በስድስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ዕለት ተጸለየልኝ። እጄን ዘረጋሁት፤ ጨበጥኩት። አላመመኝም። ፕሬድኒሶኑ ሥራውን እየሠራ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ማወቅ አልፈለግኩም። ማይኩን ተቀብዬ «ጌታ ከሉፐስ ፈውሶኛል!» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተወድጄ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ኪኒኖቹን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ተፈውሻለሁ ብላ የመሰከረች ሴት ኪኒን ብትውጥ ምን ትባላለች? ሐሰተኛ። ብዙዎች መድኃኒቱን ያስተወኝ እምነቴ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የተውኩት በሰው ፊት የተናገርኩት ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ሁሉንም ሽንት ቤት ጣልኳቸው።

በአራተኛው ቀን አስመለሰኝ። በአምስተኛው መቆም አቃተኝ። ቢሆንም ሥራ ሄድኩ። ለሚስ ሱማና ሻይ ይዤ ስመጣ ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ። እሳቸው ዎከራቸውን እየገፉ ስልኩ ጋ ደርሰው አምቡላንስ ጠሩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ብርድ። የመርፌ ስሜት። «የደም ግፊቷ እየወረደ ነው» የሚል ድምፅ።

ሆስፒታል ውስጥ ስነቃ አንድ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። «ፕሬድኒሶን በድንገት አይቆምም። ለሳምንታት ስትወስጂው አድሬናል የሚባለው እጢ የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነትሽ ባዶውን ቀረ። ልትሞቺ ነበር። አቁሚ ያለሽ ማነው?» አለኝ።

ማንም አላለኝም። ከቤተ ክርስቲያን ለደወሉልኝ ደግሞ «ፉድ ፖይዝኒንግ ነው፤ የበላሁት ምግብ ነው» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ኪኒኖቼን እንደገና፣ በድብቅ፣ መጋረጃ ዘግቼ ስውጥ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እትዬ ብርሃኔ አጥሚት ይዘው ኢንግልዉድ ያለው ቤቴ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። እትዬ ብርሃኔ ፌርፋክስ ላይ ባለ ሱቅ ቅመም የሚያሽጉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ልባቸው ውስጥ የብረት ቫልቭ ተገጥሞላቸዋል፤ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ።

«ሰናይትዬ፣ አንቺ ስትመሰክሪ እኔም በልቤ አሜን አልኩ» አሉኝ። «ሶ፣ ዋርፋሪኑን ስቶፕ ካደረግኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ይኸው ደህና ነኝ!»

ኬርጊቨር ነኝ፤ የረጋ ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ምን እንደሚያደርግ በገዛ እጄ ካጠብኳቸው ሰዎች አውቃለሁ። አፌ ግን «አሜን» አለ። በር ላይ ስሸኛቸው ብቻ «ለማንኛውም ዶክተርዎ ጋ ቼክ ያድርጉ» አልኩ፤ ያንንም ለስለስ አድርጌ። በዚህ ሁሉ ሕመም ውስጥ ራሴን የጠላሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ሚስ ሱማና ዘንድ ሄጄ ሁሉንም እየነገርኳቸው አለቀስኩ። እንዲያጽናኑኝ ነበር የጠበቅኩት። አላጽናኑኝም። የቡድሃ ትምህርት የሚጀምረው ሥቃይ አለ ብሎ በማመን እንደሆነ ነገሩኝ፤ መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ የሚወዱትን ማጣት። ሰው ይህን ሲሸሽ ወይም አንድን ነገር ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ ሥቃዩ ይጨምራል። ከዚያ መውጫ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ አንዱ ክፍል ደግሞ ቀና ንግግር ነው።

«አንቺ ሙጭጭ ያልሽው ምኑን ነው?» አሉኝ።

«ጤናዬን።»

«ጤናሽን አይደለም። እሱን ሽንት ቤት ጥለሽዋል።»

ተናደድኩ። ከዚያ እልልታው ትዝ አለኝ። የያዝኩት እልልታውን ነበር።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«መኪና አለሽ አይደል? ሴትየዋ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ።

ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። እትዬ ብርሃኔን ከሱቁ ጠርቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። «እትዬ፣ አልተፈወስኩም» አልኳቸው። «መድኃኒቱን ትቼ ልሞት ነበር። ፉድ ፖይዝኒንግም አልነበረም። እባክዎ፣ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ዘንድ ልውሰድዎ።»

«በጌታ ስም ዋሸሽኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«ትናንትናስ? አጥሚቴን እየጠጣሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሌላ ቃል ሳይናገሩ ቀበቷቸውን አሰሩ። ክሊኒኩ ደማቸውን ሲመረምር ከሚፈለገው በላይ ወፍሮ ተገኘ፤ ሐኪማቸው ጊዜ ሳይሰጥ በመርፌ የሚሰጥ የደም ማቅጠኛ አስጀመራቸው። እጅና እግራቸው ደህና ነበር፤ አፋቸውም አልተጣመመም። ስመልሳቸው ወርደው በሩን ዘጉት።

እሑድ ማይኩን ለመንኩ። መጋቢው ለምን እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸው ቢጠቁርም ሰጡኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። እልል ያለ የለም። ከአዳራሹ ስወጣ ግን ፓርኪንግ ላይ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ወደ መኪናዬ መጡ። አንዱ የስኳር፣ አንዷ የደም ግፊት፣ አንዷ ስሙን ልትነግረኝ ያልፈለገችው በሽታ መድኃኒት ታዞላቸዋል። አንዱ ትቶታል፤ ሁለቱ ተደብቀው ይውጣሉ።

ከዚያ በኋላ ኩላሊቴ ቀስ በቀስ እየተሻለው ሄደ፤ ፕሬድኒሶኑን ሐኪሜ በወራት ውስጥ በትንሽ በትንሹ እየቀነሰችልኝ፣ እኔም ባርኔጣ ሳላደርግ ከቤት ሳልወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ ከሚስ ሱማና ጋር ሻይ እየጠጣን «ዛሬ ያመኛል»፣ «እኔንም ያመኛል» እየተባባልን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቡድሂስት አልሆንኩም፤ እሳቸውም ሁኚ አላሉኝም። ዛሬም እጸልያለሁ፣ ፈውስም እለምናለሁ። ስጸልይ ግን ለእግዚአብሔር ያመመኝን እነግረዋለሁ፤ አልደብቀውም።

ሉፐስ ይዟችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ፕሬድኒሶን በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙ። ሽንታችሁን አስመርምሩ፤ ከፀሐይ ተጠንቀቁ። ይጸለይላችሁ፤ ሐኪማችሁ አቁሙ እስኪል ድረስ ግን መድኃኒታችሁን ዋጡ። ቸኩላችሁ መስክራችሁ ከሆነም ቃላችሁን መልሱ፤ ከእናንተ አፍ የሰማ ሌላ ታማሚ አለ።

ሐኪሞቼን አመሰግናለሁ። ሚስ ሱማናን አመሰግናለሁ። እትዬ ብርሃኔ እስካሁን ሰላም አይሉኝም፤ በየእሑዱ ከፊቴ ሁለት ወንበር ቀደም ብለው ይቀመጣሉ፣ ስንወጣም ፊታቸውን አዙረው ያልፉኛል። በሕይወት ኖረው ስላኮረፉኝ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።