የማይበላው ፈረስና ያላየነው ጀልባ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ሳሎኑ መሐል ተቀምጠው፣ ጉንጫቸው እስኪወጠር እየተቀባበሉ የመዋኛ ጎማ ሲነፉ አገኘኋቸው። አባታቸው ለእረፍት አንድ ቦታ ሊወስዳቸው ቃል ገብቶላቸው፣ ቢሾፍቱ ካለው ሪዞርትና ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ከተሠራው ሌላ መዝናኛ የትኛው እንደሚሻል ከስልካቸው ላይ ሲመዝኑ ሰንብተዋል። የዚህኛው ሸርታቴ ረጅም ነው፣ የዚያኛው ደግሞ ሞገድ የሚሠራ መዋኛ አለው፤ የዚህኛው ምሳ ተመስግኗል፣ በዚያኛው ግን አንዲት ሴት እርጥብ ፎጣ ሰጡኝ ብላ አማርራለች። በእግራቸው ያልረገጡትን ቦታ የመጸዳጃ ቤቱን በር ቀለም ሳይቀር ያውቁታል። እኔ ጆሮዬን ለእነሱ ብሰጥም አፍንጫዬ ሌላ ቦታ ወሰደኝ፤ ቤቱን የሞላው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ፣ በልጅነቴ ለመጀመሪያው ጉዞዬ የተገዛልኝ የኮንጎ ጫማ ሽታ ነበር።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከጋሽ ሰይድ ቤት ጋር በአንድ የቁልቋል አጥር ተለያይተን ነው። ጋሽ ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ የግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። የእሳቸው ልጅ ዘይነባና እኔ አብረን ስላደግን፣ በአጥሩ ሥር ያበጀናት ሽንቁር ከሁለቱ ቤቶች የፊት በር ይልቅ ሥራ ይበዛባት ነበር። ለአረፋ እኔ እነሱ ዘንድ፣ ለጥምቀት እሷ እኛ ዘንድ አዲስ ቀሚሳችንን በዚያች ሽንቁር እያቆሸሽን አንዳችን ካንዳችን ቤት ስንውል፣ እናቶቻችን የትኛዋ የማን እንደሆነች የሚያስታውሱት በመኝታ ሰዓት ብቻ ይመስለኛል።

ሁለታችንም የስድስተኛ ክፍል ፈተና ስናልፍ ጋሽ ሰይድ ደስ ብሏቸው፣ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ለዕቃ ወደ ደሴ ሲወርዱ ይዘውን ሊሄዱ ቃል ገቡ። ከደሴ ወዲያ ሐይቅ ዳር ጀልባ ያለው መዝናኛ ተከፍቷል ይባላል፤ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ የሚሽከረከር ፈረስ፣ ዥዋዥዌና መዋኛ ያለው ሌላ አለ።

"አንዱ ወደ ላይ ነው፣ አንዱ ወደ ታች፤ ሁለቱን ለማዳረስ ጊዜ የለኝም" አሉን። "ተስማሙና ንገሩኝ። ካልተስማማችሁ ጨርቄን ጭኜ ብቻዬን እመለሳለሁ።"

ሁለታችንም እስከዚያ ቀን ያየነው ትልቁ ውሃ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ነው፤ የተሳፈርንበት ፈረስም አልነበረም። እንዲህ ያለው አለማወቅ ለክርክር እንዴት እንደሚመች የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ለጀልባው ቆምኩ፤ ምክንያቱም ከቤታችን ማዶ የሚኖሩት ባሻ ይመር፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ በወጣትነታቸው በሐይቁ ላይ ተሻግሬ ነበር ብለው ሲያወሩ ልቤ ተሰርቆ ነበር። በእሳቸው አነጋገር ጀልባው መሐል ሲደርስ ዳርቻው ከዓይን ይጠፋል፣ ዓሣዎቹም እጁን ውሃ ውስጥ የነከረን ሰው ጣት በፍቅር ይነክሳሉ። ዘይነባ ደግሞ ለፈረሱ ቆመች። የእሷ ምስክር ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው የአክስቷ ልጅ ሐዋ ናት፤ ለበዓል መጥታ ስለዚያ ፈረስ ስትናገር፣ ቀይ ኮርቻ አለው፣ አይራገጥም፣ ሙዚቃ እየተጫወተለት ይዞራል፣ ምንም አይበላም አለች።

ባሻ ይመር ይህን በሰሙ ጊዜ በራቸው ላይ ተቀምጠው ዘይነባን አስቆሟት።

"ፈረሱ የት ያደርሳል?"

"የትም አያደርስም፤ ይዞራል።"

"ዞሮስ?"

"እዚያው ይመለሳል።"

"ታዲያ የማይበላ፣ የትም የማያደርስ ፈረስ ላይ ሰው ምን ብሎ ይወጣል?"

ዘይነባ እያለቀሰች ገባች፤ ባሻን የላክሁባት እኔ መሰልኳት። የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ተጀምሮ ነበርና በማግስቱ ወንበሯን ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች፤ የአጥሩን ሽንቁርም በእሾህ ደፈነችው። እኔም በበኩሌ ኩራቴ ይዞኝ በዋናው በር መሄድ ጀመርኩ። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን ጨነቀኝ፤ ጉዞው መቅረቱ ብቻ ሳይሆን፣ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ማንም አለመኖሩ ዳቦዬን ሳልበላው ወደ ቤት ያስመልሰኝ ጀመር።

ነገሩ ከቤት ወደ ቤት ተሰማና አባቴና ጋሽ ሰይድ ሽምግልና ይደረግ አሉ። ዳኛዋ የጋሽ ሰይድ እናት እማ ዘሃራ ሆኑ። እማ ዘሃራ ሲቆሙ ከበሩ ጉበን ጋር የሚጋጩ ረጅም ሴት ሲሆኑ፣ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ሲፈርዱም ይግባኝ የማይባልባቸው ነበሩ። እኛን ልጆቹን ግራና ቀኝ አቁመው፣ በመጀመሪያ ዱዓ አደረጉ፤ አባቴም "አሜን" አለ፤ ከዚያ በደም የተፈላለጉ ወገኖችን የሚያስታርቁ ይመስል ቃላችንን ተቀበሉ። እኔ ስለ ዓሣዎቹ፣ ዘይነባ ስለ ቀይ ኮርቻው የምናውቀውን ሁሉ ተናገርን። ሰምተው ሲያበቁ ሁለት ነገር ጠየቁን።

"ጥላ ያለው የቱ ጋ ነው?"

አናውቅም።

"ሽንት ቤት ያለውስ የቱ ጋ ነው?"

ይህንንም አናውቅም። እማ ዘሃራ መቁጠሪያቸውን ጥቂት አንከባለሉና "እንግዲያው የምታውቁት ነገር የለም" አሉ። "ያም ሆኖ ከፈረስ የወደቀን መሬት ይቀበለዋል። ከጀልባ የወደቀን ማን ይቀበለዋል? ኮምቦልቻ ትሄዳላችሁ። እኔም እሄዳለሁ፤ እናንተን ብቻችሁን ለማላውቀው ፈረስ አልሰጥም።" ከዚያ ጭንቅላታችንን አጋጭተው አሳሳሙን። ዘይነባ ጆሮዬ ላይ "ባሻ ይመርን ግን አልማርም" አለችኝ፤ ታረቅን።

አባቴም ፈቃድ ወስዶ ተጨመረና በጋሽ ሰይድ ሸራ ለባሽ ቶዮታ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አቀስታን አልፈን ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ብርዱ ጥርሳችንን ሲያንቀጫቅጨው እማ ዘሃራ ሁለታችንንም ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱን፤ እስከ ደሴ ድረስ ዓለምን ያየነው በጋቢው ቀዳዳ ነው። ደሴ ዘመድ ቤት አደርንና በማግስቱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ስንወርድ፣ ሙቀቱ ከታች እየተነፈሰ ተቀበለን፤ ኮንጎ ጫማዬም ከእግሬ ጋር መጣበቅ ጀመረ።

ፈረሶቹ እንደተባለው ነበሩ። ኮርቻቸው ቀይ ነው፣ ዓይናቸው ፈጧል፣ የአንደኛው ጆሮ ተሰብሯል። ችግሩ መብራት መጥፋቱ ነው። ጠባቂው ማታ ይመጣ ይሆናል አለን። ዘይነባ አንዱን ቀይ ኮርቻ ይዛ አልለቅ አለች። አባቴ ይህን ሲያይ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ጋሽ ሰይድም ተከተሉት። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊና የጨርቅ ነጋዴ፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዘው መሽከርከሪያውን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይገፉት ጀመር፤ የብረቱ ሲጥሲጥታ ሙዚቃው ሆነ።

እማ ዘሃራ እኛን ሊይዙ ብለው ጆሮ የሌለው ፈረስ ላይ በጎን ተቀመጡ። ጥቂት እንደዞርን ዘይነባ ፊቷ አመድ መሰለና አውርዱኝ አለች፤ ወርዳም የቁርሷን ሻይ ለኮምቦልቻ መሬት መለሰች። እኔ ግን ነፋሱ ፀጉሬን ሲበትነው፣ አባቴ በየዙሩ ላቡን ጠርጎ ሲስቅልኝ፣ ሐይቅም ጀልባም ከልቤ ወጣ። አባቴ ቤት ውስጥ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ እኔም ደከመኝና ወረድኩ። እማ ዘሃራ አልወረዱም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ወደ ፊት ይመለከታሉ።

"እማዬ፣ ይበቃዎታል፤ ይውረዱ" አሉ ጋሽ ሰይድ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

"ግፋ፣ ልጄ። እኔ አንተን ስንት ዓመት አዝያለሁ።"

ጋሽ ሰይድ ገፉ። ኋላ እጃቸው ሲዝል ጠባቂውም ተጨመረ። እማ ዘሃራ የወረዱት ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲሆን፣ ሰግደው ሲያበቁ ደግሞ ተመልሰው ወጡ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ዘይነባ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ "ሐይቁ ይሻለን ነበር" አለች። "ምን በወጣው! ፈረሱን የሚያህል የለም" አልኳት። ውሃ ሰው አያዞርም አለች፤ ውሃ ሰው ያሰምጣል አልኳት፤ ይህን እያልን፣ እኔ የእሷን ቃል፣ እሷ የእኔን ቃል ይዘን፣ በማግስቱ መካነ ሰላም እስክንገባ ተጨቃጨቅን። ጋሽ ሰይድ መሪያቸውን እንደያዙ "ለሚመጣው ዓመት ሐይቅ እወስዳችኋለሁ፤ አሁን ግን ዝም በሉልኝ" አሉን።

የሚመጣው ዓመት ሳይደርስ ንግዳቸው ሰፍቶ ቤተሰቡ ደሴ ገባ። በቦታቸው የመጡት ተከራዮች ቁልቋሉን ነቅለው የቆርቆሮ አጥር አጠሩ። እማ ዘሃራ እዚያው ደሴ በሞት ተለዩን፤ አባቴም ተከተላቸው። ዘይነባ አግብታ ሰመራ ትኖራለች፤ በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ ስለ ጤና እንጠያየቃለን፣ ልጆቻችንን እንመራረቃለን፣ ተከባብረን ስልኩን እንዘጋለን።

አምና ለስብሰባ ሐይቅ ሄጄ፣ ምሳ ከበላን በኋላ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጀልባ ላይ ጎትተው አስገቡኝ። ዳርቻው ከዓይን አልጠፋም፤ ጣቴን ብነክርም የነከሰኝ የለም። ከመሐል ውሃው ላይ ለዘይነባ ደወልኩ።

"ሐይቅ ነኝ፣ ጀልባ ላይ" አልኳት። "ፈረሱ ይሻል ነበር እኮ።"

እንደ ድሮው እስክትከራከረኝ ጠበቅኩ።

"እውነትሽን ነው እህቴ" አለች በለዘበ ድምፅ፣ "ፈረሱ ይሻል ነበር። ልጆቹ እንዴት ናቸው?"