ማኅተም የሌለው ዳቦ

በዚያ ቀን የሚነፍሰው ነፋስ ሙቅና አቧራማ ነበር፤ ዓይን አያስገልጥም። እኛ የሳማርቃንድ ገበያ ሴቶች ዕቃችንን በሻሽ ሸፍነን፣ ገዢ ሲመጣ ብቻ ገለጥ እያደረግን ዋልን። እኔ ሽንኩርትና እንስላል እሸጣለሁ። ከጎኔ ዳቦ የምትሸጠው መስቱራ ናት።

መስቱራ ገና በልጅነቷ ዳቦ ጋጋሪዎች ቤት ተዳረች። ባሏ ሲሞትባት የሸክላው ምድጃ፣ ልጆቿና የአማቷ ማኅተም ቀሩላት። ማኅተሙ እንጨት ላይ የተተከሉ ምስማሮች ናቸው፤ ሊጡ መሐል ሲጫን ኮከብ ያወጣል። አንዱ ምስማር ድሮ ወልቋልና የመስቱራ ኮከብ አንድ ጨረር ይጎድለዋል። ሰው ዳቦዋን የሚለየው በዚያ ጉድለት ነበር።

ኑስራት የሚባል ሰውዬ ፊት ለፊታችን ሱቅ ከፈተ። በኤሌክትሪክ ምድጃ የተጋገረ ዳቦ ይሸጣል። ይሽጥ፣ ማን ከለከለው? ግን ማኅተሟን አስመስሎ አስቀረጸ፤ የወለቀውን ምስማር ሳይቀር አጎደለ! ሰው እንዴት የሌላውን ጉድለት ይሰርቃል? ብጠይቀው የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ፣ «ኮከብ የአላህ ነው፣ አፓ፣ ታላቅ እህቴ፤ እሷ አልሰቀለችውም» አለኝ።

ዳቦው ከእሷ በጣም ይረክሳል። ደንበኞቿ ግን አልሄዱም። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ ለሥራ ወይም ለውትድርና ርቆ ሲሄድ ከአንድ ዳቦ አንዴ ይገምጣል፤ ተመልሶ እስኪጨርሰው ቀሪው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዳቦው ከሻገተ ልጁ አይመለስም ይባላል። የመስቱራ ዳቦ ይደርቃል እንጂ አይሻግትም። ለሻይ የሚሆነውን ከኑስራት የሚገዛ ነበር፤ በልጅ መመለሻ ላይ ግን ማን ይቆጥባል?

በዚያ የነፋስ ቀን የሰፈራችን ዙልሁሞር እየሮጠች መጣች። ልጇ አክሮም ሩሲያ ግንባታ ሥራ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። ምራቷ ሳዶቃት ሕፃን አቅፋ ከኋላዋ ትከተላለች። ዙልሁሞር የያዘችውን ጨርቅ ፈታች፤ የተገመጠ ዳቦ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ። መሐሉ ላይ ጨረር የጎደለው ኮከብ አለ።

«ልጄን ገደልሽው!» ብላ ጮኸች። «አንቺን አምኜ ነው ያስገመጥኩት! ምድጃሽ ይክሰል!»

ሰው ተሰበሰበ። ኑስራት ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «አፓ መስቱራ፣ ዱቄቱን አይጥ ቀመሰብዎት እንዴ?» አለ። አሳቃቸው።

ዳቦ መገልበጥ ነውር ነው። መስቱራ «አላህ ይቅር ይበለኝ» ብላ ገለበጠችው። እኔም አየሁ፤ ጀርባው ላይ የብረት ወንፊት መስመር ታትሟል። እንደ መስቱራ ዳቦ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተጋገረ ዳቦ እንዲህ ያለ ጀርባ የለውም። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ። የምታየው ሳዶቃትን ነበር። ልጅቱ ፊቷን ከሕፃኑ ጀርባ ደበቀች። ያኔ ገባኝ፤ ዳቦውን ከኑስራት የገዛችው እሷ ነበረች፤ ርካሽ ብላ ይሁን በኮከቡ ተታላ፣ እንጃ። አክሮም ሳይመለስ ቢቀር አማቷ ዕድሜ ልኳን «ባልሽን በርካሽ ዳቦ ሸጥሽው» እንደምትላት ግን ሁላችንም እናውቃለን።

«የኔ ነው» አለች መስቱራ። «በደንብ አልበሰለልኝም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ።»

ዙልሁሞር እግሯ ሥር ተፍታባት ሄደች። እኔ ነደደኝ።

«አንቺ ሴትዮ! የአማትሽን ስም ለሌባ አስረከብሽው?»

«ስም ከሰው ትዳር ይበልጣል?»

«እየሳቀብሽ ነው እኮ!»

«ይሳቅ፤ ጥርስ አለው።»

ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ዳግመኛም አላወጣችውም። ሊጡን በተራ ሹካ እየወጋች መጋገር ጀመረች። መጀመሪያ ሰው ሸሻት። ዳቦዋ ረፋድ ላይ ያልቅ የነበረው ሴትዮ እስከ ማታ እየተቀመጠች የተረፈውን ለጎረቤት ስታድል አይቻለሁ። እያደር ግን አንድ በአንድ ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር መላጣውን ዳቦ አንስተው ሸተቱና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የበላሁት ዳቦውን እንጂ ኮከቡን አይደለም» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ኮከብ ያለው ዳቦ ሲሻግት የሚታማው ኑስራት ብቻ ሆነ። ያፈረ መሰላችሁ? ኮከቡን ጥሎ የሌላ ጋጋሪ አበባ አስቀረጸ። ዛሬም ሱፉን ይፈለቅቃል፤ የጠየቀውም የለም።

አክሮም በመከር ደወለ፤ ስልኩን ተሰርቆ ኖሯል። ዙልሁሞር ይቅርታ አልጠየቀችም። ሳዶቃት ግን ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ዳቦዋን ትገዛና የመስቱራን ትከሻ ስማ ትሄዳለች።

አሁን ምድጃው ላይ የምትሠራው የመስቱራ ሴት ልጅ ናት። መስቱራ ጉልበቷን ያማታል፤ ከጎኔ ተቀምጣ ማኅተም የሌለው ዳቦ ትሸጣለች።