የሞላው ቤት
ከካምፕ ውጭ ለሚኖሩ ስደተኞች የገንዘብ ድጋፍ ከመሰጠቱ በፊት ቤታቸውን የማየው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሆሳዕና፣ ሦስት ልጆች ይዛ ከኤርትራ የመጣች እናት ቤት ገባሁ። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ወፍራም ምንጣፍ! «ይሄማ ከእኔ ቤት ይበልጣል» አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ቅጹ ላይ «ድጋፉ አይገባትም» ልጽፍ ስል፣ ምንጣፉ ላይ የካውያ ቃጠሎ አየሁ። ያቃጠልኩት ራሴ ነኝ! በረንዳ ወጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«ምንጣፋችን የት ሄደ?»

«አንዲት ስደተኛ እህት ቤት። የጸሎት ጓደኞቼም ያላቸውን ሰጡ።»

«ለምን?»

«ዛሬ ከቢሮ ትልቅ ሰው ይመጣባታል አሉ። ባዶ ቤት ትቀበለው እንዴ?»