በሁዳዴ የተቀቀለ እንቁላል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ፈረንጅ ከቤቴ ፊት ለፊት ከመኪና ወርዳ ለሊስትሮ ልጆች ብስኩት ስታድል አየሁ። ወደ ስሜን ተራራ የሚሄዱ እንግዶች ደባርቅ ላይ ሳይቆሙ አያልፉም። ልጆቹ ከበቧት፤ እጅ በእጅ ላይ ተነባበረ። ጎረቤቴ "እንዴት ያለች ደግ ናት!" አለችኝ። ገብቼ በሬን ዘጋሁ፤ ወዲያው ከፈትኩት፤ እንደገና ዘጋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እንግዲህ ጽፌው ይውጣልኝ።

ስለ አባቴ አልጽፍም፤ የእሱ ነገር ማንንም አይመለከትም። ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ከዶሮዎቿ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ከጎንደር የሚመጡ የጭነት መኪኖች ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከመግባታቸው በፊት ደባርቅ ላይ ይቆማሉ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያያል፤ ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ ያዳምጣል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እግሩን ያፍታታል። እኛ ያን ጊዜ እንሮጣለን። ጥሩዬ ቆሎ ትሸጣለች፤ አለሙ ጫማ ይጠርጋል፤ እኔ የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዤ፣ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ቋጥሬ እቀርባለሁ።

ከሦስታችን የተሻለ ቦታ የነበረኝ እኔ ነኝ። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ባለ ሻይ ቤት እናቴን ስለሚያውቋት ከደጃቸው ባለው ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ፈቅደውልኝ ነበር። ግድግዳው ነፋስ ይከልልልኛል፤ ከመኪና የወረደ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። የደባርቅን ነፋስ ያልቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። እናቴና እኔ የምንኖረው በዚያ ድንጋይ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ጥሩዬ ድንጋዩን እንዴት ታየው እንደነበር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

በዚያ ዘመን አንዲት ፈረንጅ እንግሊዝኛ ልታስተምር ከተማችን መጣች። ስሟ ስላስቸገረን "ሚስ" እንላት ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ አለሙ ጫማዋን ይጠርግላታል፤ ሜዳውን ሳትጨርስ አቧራ ይለብሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ታስጠርጋለች። ከእኔ እንቁላል ትገዛና አጠገቤ ቁጭ ብላ ትልጣለች። ሚጥሚጣውን አትነካውም። ቅርፊቱን ግን ኮቷ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች።

"ለመድኃኒት ነው የምትወስደው" ይላል አለሙ።

"ለዶሮዋ ነው" ትላለች ጥሩዬ።

"ዶሮ መቼ አላት?"

"አንተ ቤቷ ገብተህ ታውቃለህ?"

የት እንደምትደፋው ለማየት እስከ ትምህርት ቤቱ በር የተከተልናት ጊዜ ነበር። ዞር ብላ ስታየን ሳቀች፤ ስማችንንም አንድ በአንድ ጠየቀችን። በማግስቱም ጠየቀችን። በሳምንቱም እንደዚያው። ፊታችንን ሳትለየው እንደምትወደን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ የእኔ ገበያ ይሞታል። ዶሮዎቹ ግን ጾም መግባቱን አያውቁም። እናቴ ጥቂቱን ለፋሲካ ታስቀምጥና የቀረውን ለሙስሊም ሾፌሮችና ለሚስ ቀቅላ ትሰጠኛለች። በዚያ ሰሞን ሚስ ካልመጣች ቤታችን የሚገባ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንድ ዐርብ ዕለት ሊማሊሞ ላይ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። ከወዲያም ከወዲህም የሚያልፍ ጠፋ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ይደፋብናል፤ እኛ እንቁነጠነጣለን፤ አለሙ ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ይደበድባል። ጥሩዬ ቆሎዋን እንዳትቀምስ እናቷ በዓይኗ ለክታ ነበር የምትልካት። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሚስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ጠዋቱ ተቀምጠን አገኘችን።

"ሁሉ እገዛለሁ" አለችኝ ዘንቢሌን እያየች። "ለልጆች።"

"ሚስ፣ ጾም ነው" አልኳት።

"ጾም ለትልቅ ሰው። ልጅ ይበላል።"

"ዐርብ ነው ሚስ!"

ጉልበቷን አጥፋ ቁጢጥ አለችና እንቁላሎቹን ራሷ ከዘንቢሉ እያነሳች በእጃቸው ላይ አኖረችላቸው። አለሙ እንቁላሉን ይዞ ዙሪያውን ቃኘ። ጥሩዬ ግን መላውን አገኘችው።

"የሰጠችን እሷ ናት" አለች። "ኃጢአቱ ለሰጪው ነው።"

"ማን አለሽ?"

"አባ ናቸው ያሉት።"

"መቼ?"

"አንተ ስታንቀላፋ።"

በሉ። ጥሩዬ ሁለት በላች። እኔ አልቀመስኩም፤ ይህን የምለው ቅድስት ለመምሰል አይደለም፤ እናቴ አፌን እንደምታሸት ስለማውቅ ነው።

አፋቸውን ሳይጠርጉ የሰፈራችን የንስሐ አባት ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ደረሱብን። ልጆቹ ባርኩን ብለው መስቀል ለመሳለም ሲጠጉ አባ የአለሙን አገጭ ያዙ።

"ምን በላህ አንተ?"

"ቆሎ አባ።"

"ቆሎ እንዲህ ከንፈር ላይ ቢጫ ይሆናል?"

አለሙ ማልቀስ ጀመረ። "ማነው የሰጣችሁ?" አሉ። ጥሩዬ ወደ ሚስ አላየችም። ክንዷን ዘርግታ "እሷ ናት አባ፤ እንቁላሉ የእሷ ነው" ብላ በእኔ ላይ ጠቆመች። ለካ የኃጢአቱን ባለቤት እየበላች ሳለ ስትመርጥ ነበር።

ሚስ እዚያው ነበረች። ለመግዛትና ለመቀለድ የሚበቃ አማርኛ ታውቃለች። "ንገሪያቸው ሚስ!" አልኳት። አባ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ፈገግ አለችና እጇን ራሴ ላይ አኖረች።

"ልጆች ርቧቸዋል አባ። መብላት ጥሩ ነው። ይህች ጎበዝ ልጅ ናት።"

ጎበዝ ልጅ! ዱላ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዓቷን አየችና ሄደች።

አባ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥሩዬንና አለሙን "እነዚህስ ሕፃናት ናቸው" ብለው ስግደት አዘዟቸው፤ አለፈ። እኔን ግን "አንቺ ታውቂ ነበር" አሉኝ። እውነት ነው፤ አውቅ ነበር። ስላወቅሁም ነው የተናገርኩት።

ወሬው ከቅዳሴ መልስ ከተማውን ሞላው። "በጌታ ጾም፣ በዐርብ ቀን፣ ልጆች አስገደፈች" ተባለ። እትዬ ዘውዴ ማታውኑ እናቴን አስጠሯት። ሰው እንዳይሰማቸው የሚፈልጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

"እኔ ልጅሽን ጠልቼ አይደለም። ሰው ከደጄ ሻይ መጠጣት ይተዋል። ትነሣልኝ።"

"እትዬ፣ እንቁላሉን ያደለችው ፈረንጇ ናት እኮ!" አለች እናቴ።

"ፈረንጇንማ ማን ይቆጣታል?"

እናቴ አስከትላኝ ወጣች። ከቤታችን እስክንደርስ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጥሩዬ ቆሎዋን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከፋሲካ በኋላ እንቁላልም ጨመረችበት። አንድ ጠዋት ውኃ ተሸክሜ ሳልፍ ሚስ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንቁላል ትልጣለች። አየችኝ፤ እጇንም አውለበለበችልኝ። የት ጠፋሽ አላለችኝም። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ውኃው በጀርባዬ እየወረደ ጠበቅሁ። ወደ ጥሩዬ ዞራ ስሟን ጠየቀቻት።

ክረምቱ ሳይገባ እናቴ ዳባት ላሉ ዘመዶቿ ሰጠችኝ። ዘመድ ይባላል እንጂ የሰው ቤት አገልጋይ ሆንኩ። እዚያ ያየሁትን ለራሴ ላስቀረው። እናቴ ስትሞት የደረስኩት ለቀብር ብቻ ነው።

ደባርቅ የተመለስኩት ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ ነው። ጥሩዬ ያን ጊዜ ባለ ሱቅ ሆና ቆየችኝ፤ ዛሬም ከተማው ያከብራታል። ብዙ ዓመት ከሰላምታ ሌላ አልተነጋገርንም። አምና ግን አንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሻይ ሲዞር ጠጋ አለችኝና "ያን የእንቁላሉን ነገር ታስታውሺዋለሽ?" ብላ ሳቀች። ልትስቅብኝ ሳይሆን አብሬያት እንድስቅ ፈልጋ ነበር።

"አስታውሳለሁ" አልኳት።

"ምን ይደረግ እህቴ፣ ልጆች አልነበርንም?"

"ነበርን" አልኳት። "ከሁላችሁም የማንሰው ግን እኔ ነበርኩ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ሻይዋን አልጠጣችም።

ሰዎች ይቅር በይ ይሉኛል፤ አባ ቢኖሩም ይሉኝ ነበር። እኔም እሞክራለሁ፤ በተለይ በጾም እሞክራለሁ። ግን ይቅርታው ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ለእነሱ በተሰጠው ስም ነው፤ ሕፃናት ነበሩ እየተባለ። ያንን ስም ለእኔም የሚሰጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ እናቴ እንኳ ሳትለኝ ሞተች።