የጠጋ በሉ ትሎች

ሠፈሩ በሙሉ «ጠጋ በሉ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ፣ ሰው በሰው ላይ ሲደራርብ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ስሙ ተረስቶ ጥሪው ቀረ። እሱም ሰው መጫን ቢቀርበት ትል መጫን ጀመረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የቆሻሻ መኪናው ወደዚህ ሠፈር የሚመጣው መንገድ ሲሳሳት ብቻ ነው። ስለዚህ የየቤቱ ልጣጭና ትራፊ ቦዩ ውስጥ ይጣላል፤ ቦዩ ይደፈናል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው በግቢው ታች በኩል ያለው የታላቅ እህቱ መኝታ ቤት ይገባል። ዝናቡም የድሮው ዝናብ አይደለም፤ ወሩን ረስቷል፣ ሲያስታውስ ደግሞ የዓመቱን በአንድ ቀን ይደፋዋል። ባለፈው እህቱ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ጫማዋ ተንሳፍፎ በበሩ ሲወጣ አይታ፣ «እኔን ጥሎ የት ሊደርስ ነው?» ብላለች።

ጠጋ በሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ ማንም ጠግኖት ከማያውቅ ቧንቧ ሥር፣ አፈሩ እንደ ሊጥ ከራሰበት ትል ለቀመና በተሰነጠቀ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አሰፈረ። ጎረቤቱ ልጣጩን ለእሱ ማምጣት ያዘ። ትሎቹ በሉ፣ ወለዱ፤ ልጣጩ ጥቁር አፈር ሆነ። ቦዩም ጸዳ።

«ጠጋ በሉ! ድንች እየገባ ነው!» ይላል፣ ባልዲውን ሲገለብጥ።

እህቱ አፍንጫዋን ይዛ ታልፋለች። «ዘመዶችህ ጠገቡ?»

«ጠገቡ፣ እታለም። አንቺም በደረቅ አልጋ አደርሽ።»

ይህን ማዘጋጃ ቤቱ ሰማ። ማዘጋጃ ቤት ደግ ነገር ከሰማ እንግዲህ እግዜር ያውጣህ ነው! የአየር ንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ሽቶው ቀድሞት በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ከተፍ አለ።

«አባባ፣ አርአያ አባወራ ሆነው ተመርጠዋል። ነገ ከንቲባው ይጎበኙዎታል።» ወደ ገንዳው ጎንበስ ብሎ በድንጋጤ ቀና አለ። «ይሄ ነገር ግን ይንቀሳቀሳል።»

«በሕይወት ስላለ ነው፣ ልጄ።»

«ለከንቲባው አይሆንም።»

በማግስቱ ጠጋ በሉ ለክብሩ ሲል ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ። በዚህ መሀል ኃላፊው የጽዳት ሠራተኞች ላከ። «ሽታ እንዳይኖር» ተብለዋል፤ እነሱም የታዘዙትን አደረጉ፦ ብስባሹ ላይ በረኪና በጀሪካን እየገለበጡ አጠቡት። ገንዳውን አረንጓዴ ቀቡት፤ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ ደረደሩ። በሩን የከፈተችላቸው እህቱ ናት፤ የመንግሥት ሰዎች መስለዋት። ደግሞም ናቸው።

ከንቲባው ሲደርሱ ያጀቧቸው መኪኖች መጨረሻቸው አይታይም ነበር። ሞተሩን ያጠፋ አንድም የለም። በዚያ ጭስ ውስጥ ሆነው ስለ ጭስ ጉዳት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ከሚያስሉት በቀር ሁሉም አጨበጨበ።

ኃላፊው ጓንት አጥልቆ ከገንዳው አንድ እፍኝ አነሣ። «ክቡር ከንቲባ፣ ያሽትቱት! ምንም ሽታ የለውም!»

«እውነትም! ልክ እንደ ሆስፒታል!»

ከእፍኙ ላይ ትሎቹ እንደ ነጭ ክር ተንጠልጥለዋል። ጠጋ በሉ አየ። የተስተካከለው ጸጉሩ ቆመ። ማይክራፎን አፉ ሥር ተደቀነ።

«አባባ፣ ምን ተሰማዎት?»

«ሊያስታውከኝ ነው።»

«ከደስታ ብዛት ነው!» አለ ኃላፊው፣ ማይክራፎኑን እየነጠቀ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የጠጡበትን የውኃ ፕላስቲክ ቦዩ ውስጥ ጣሉ። ልጣጭ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች ገንዳው ውስጥ አዩና ፊታቸውን አጨፍግገው ተመለሱ፤ ልጣጩም ወደ ቦዩ ሄደ። ሰማዩ ጠቁሯል። እህቱ ጫማዋን አልጋ ላይ ሰቅላ መጣች።

«እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩት፣ ወንድሜ።»

«ተይው፣ እታለም። በአጥር ዘለውም ይገቡ ነበር።»

ባልዲውን አነሣችና አቀበለችው። «ያ ቧንቧ አሁንም ያፈሳል?»

«ማን ይጠግነዋል ብለሽ!»

ተያይዘው ሄዱ። ቧንቧው ሥር እየቆፈሩ ሳለ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ደረሰባቸው።

«እናንተ! ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ሥራ የሚሠራ» አለ ጠጋ በሉ።

«ታዲያ በፊት በር ወደ ቢሮ አትገቡም?»

«ቢሮዎቹንማ አየናቸው» አለች እህቱ፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን፣ በሌላው የሚወራጭ ትል ይዛ። «እዚህ ግቢ የሚሠራ ካለ ከመሬት በታች ነው።»