ለሚመጣው በጋ

በ2013 ክረምት እህቴ የጣልያንን ባሕር ዳርቻ ይዛ አራት ቀን መኪና ስትነዳ፣ እኔ ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ የሚባል ሰፈር፣ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጎኗ ተሳፍሬ ነበር። ጎኗ ስል በስልክ ማለቴ ነው። በአካል አብሬያት መሄድ ነበረብኝ። የቀረሁት በአንዲት ቃል ጠንቅ ነው፤ ቢያንስ ለጠየቀኝ ሁሉ የምናገረው እንደዚያ ነው።

እህቴ ታናሼ ናት። ጣልያን ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በአንዲት የወደብ ከተማ ሽማግሌና አሮጊት በየቤታቸው እየተንከባከበች ትኖራለች። እኔ ደግሞ እዚያው ካምፓላ፣ ናካዋ ሰፈር፣ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ እሠራለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በአካል አልተያየንም። መጀመሪያ እሷ ወረቀት አልነበራትም። ወረቀቱ ሲገኝ ኮሮና መጣ።

እናታችን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ አረፈች። እኔ ፈቃድ ወስጄ ሳስታምማት ነበርኩ። ለእህቴ ግን ወዲያው አልነገርኳትም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ማልዶ ቤት ድረስ ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ደግፎ ነው የሚያረዳው። እሷ የምትኖረው ብቻዋን ነው። የሚያረዳት ሰው እስካገኝ እያልኩ፣ በደወለች ቁጥር እማዬ ዛሬ ጉሮሮዋን አሟታል፣ ነገ ምርመራ ሄዳለች እያልኩ ሳታልላት፣ የእማዬ አርባ አለፈ። በመጨረሻ እዚያ ከተማ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አፈላልጌ ላክሁባት። ስታለቅስ ከርማ ስትደውል አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ "ሃምሳ ቀን ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላም በይልኝ ስል ዝም ብለሽ ሰማሽኝ።"

እኔ ካምፓላ ከተመለስኩ በኋላ፣ የካቲት ላይ፣ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "እትዬ፣ ለሚመጣው በጋ ነይ። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። መኪና ተከራይተን ባሕሩን ይዘን እስከ ፈረንሳይ ድንበር እንሄዳለን። መንገድ ላይ ስለ እማዬ ታወሪኛለሽ። ሁሉንም።"

እሺ ብዬ መለስኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር። "ሁሉንም" ያለችው ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የካቲት ላይ ያለ ሐበሻ በጋ ውስጥ ነው። ለእሱ የሚመጣው በጋ ከመስቀል በኋላ ያለው ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው። አውሮፓ ሐምሌ ላይ ፀሐይ እንደሚወጣ ጠፍቶኝ አይደለም። ጆሮዬ ግን በጋ ሲባል የሚሰማው ታኅሣሥና ጥርን ነው። ሰመር ብትለኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ መምህራን በክረምት ሊማሩ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ "ሰመር ገቡ" የምንል ሰዎች ነን። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት የኖረችበትን ፀሐይ አይታ ሰመርን በጋ ብላ ተረጎመችው። የካምፓላ ሰማይም አላገዘኝም፤ እዚህ ጠዋት በጋ ነው፣ ከሰዓት ክረምት። ለታኅሣሥ የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። ናካዋ ገበያ ገብቼ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ውሃ ልልመድ ብዬ ይመስል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደብ፣ ፖርት ቤል፣ ወርጄ ጀልባዎቹ ዓሣና ጭነት ሲያራግፉ እያየሁ እቀመጥ ነበር። መዋኘት አልችልም።

ሰኔ ላይ ደወለች።

"ቪዛው ደረሰ?" አለችኝ።

"የምን ቪዛ? ገና ኅዳር ላይ ነው የምጀምረው።"

"ኅዳር? እኔ እኮ ፈቃዴን ለሐምሌ ወስጃለሁ። መኪናውንም ይዣለሁ።"

"በጋ አላልሽኝም?"

"አዎ፣ በጋ።"

"ሐምሌ እኮ ክረምት ነው" አልኩና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"አንቺ" አለችኝ፤ እትዬ ማለቷን ተወችው፤ "መምጣት የፈለገ ሰው ይጠይቃል። መቼ ነው የምንነሣው፣ ምን ይዤልሽ ልምጣ፣ ይላል። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።"

ዩጋንዳ በዚያ ሰሞን በኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ ተዘግታ ነበር። ሎክዳውኑን አመካኘሁ፤ በዚህ ጊዜ ማን ቪዛ ይሰጠኛል አልኩ። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ስልኩ ሲዘጋ ቀለል አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ጎኗ ተቀምጬ የምትጠይቀኝን ፈርቼ ነበር። ቃሏ አሳሳተችኝ እላለሁ እንጂ፣ አለመጠየቁ ተመችቶኝ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ሳልጠብቃት ደወለች። የሞተር ድምፅ ይሰማል። "ተነሥቻለሁ" አለች። "ከፈለግሽ አብረሽኝ ሁኚ።" ስልኩን ከመሪው አጠገብ አቁማ ካሜራውን ወደ መንገዱ አዙራው ስለነበር እሷን አላያትም። የማየው አስፋልቱን፣ በስተቀኝ ተራራውን፣ በስተግራ ባሕሩን ነው። መስኮታቸው ላይ ልብስ የተሰጣባቸው ቢጫ ቤቶች ያልፋሉ። ከጃንጥላ ሥር የተጋደሙ ሰዎች፣ ባልዲ የያዙ ሕፃናት ያልፋሉ። አገሩ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የወጣ መሰለኝ።

መንገዱ ዋሻ ይበዛዋል። በገባች ቁጥር ስክሪኑ ይጠቁርና መስመሩ ይቋረጣል። ያኔ የራሴ ቤት ይሰማኛል። ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ መንገዱ ጭር ብሏል። ጥግ ላይ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ የሚሸጠው ሰውዬ ዕቃውን ሰብስቦ አገሩ ገብቷል። በጠቆረ ስልክ ላይ "ሄሎ፣ ሄሎ" እያልኩ ስቀመጥ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። አከራዬ፣ አንዲት ደግ ባልቴት፣ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ በሰሃን ይዘውልኝ መጥተው "ለመሆኑ የት ጠፋሽ?" ቢሉኝ "መንገድ ላይ ነኝ" አልኳቸው። በዝግ ከተማ መሃል መንገድ ላይ ነኝ የምትል ተከራይ ሳታሳስባቸው አልቀረችም። በማግስቱም ማቶኬ አመጡልኝ።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጭነት መኪና ድንገት ሲመጣባት "ፍሬን፣ ፍሬን ያዢ" ብዬ ጮህኩ። ሳቀች። "ጣልያንኛ ትችያለሽ ለካ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መኪና፣ ያለኝ ጣልያንኛ የጋራዥ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስናወራ ሄድን። ስለ እማዬ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ዋሻ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እፎይ የምንል ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን፣ ድንበሩ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ምሳ ልትበላ ባሕሩ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችው። ፀሐይ አጥቁሯታል። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል። እኔ የማውቃት ልጅ ሽበት አልነበራትም። አስተናጋጁ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ባጭሩ መለሰችለት።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ለስንት ሰው ነው አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ለአንድ።"

አስተናጋጁ ከፊት ለፊቷ የነበረውን ሰሃን፣ ብርጭቆና ሹካ አንሥቶ ሄደ። እሷም ስልኩን ባዶው ቦታ ላይ፣ በውሃ ጠርሙሱ አስደግፋ አቆመችኝ። ልቅሶዬ መጣ። እዚያ መቀመጥ የምችል ሰው ነበርኩ።

"ጠይቂኝ" አልኳት። "የፈለግሽውን ጠይቂኝ።"

ናፕኪኑን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። "እማዬ ያረፈች ቀን" አለች፣ "ደውዬ ነበር?"

"ደውለሽ ነበር። እሷ ያረፈችው ጠዋት ነው። አንቺ የደወልሽው ከሰዓት፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሲተክሉ ነው። ያ ጫጫታ ምንድን ነው ብለሽኝ፣ ጎረቤት ሰርግ አለ አልኩሽ።"

"እሷን አገናኚኝ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል። ተኝታለች አልኩሽ።"

እህቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ወደ ባሕሩ አየች።

"አስታወስኩ" አለች። "አትቀስቅሻት አልኩሽ።"