ብረት የማትወድ መርከብ

አባቴ ባሕረኛ ነበሩ ስል የሚስቁብኝ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆችማ «ኢትዮጵያ? ኔቪ? ባሕር ኃይል?» ብለው ይንከተከታሉ፤ አገሪቱ ባሕር እንደነበራት የነገራቸው የለማ! እኔም ብሆን ምፅዋ ላይ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ውስጥ እንደሠሩ ከማወቅ አልፌ ጠይቄያቸው አላውቅም። የአባቴ ወሬ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ ግራ እጃቸው ይከዳቸው ጀመር። ኩባያ ይጥላሉ፣ ቁልፍ ይጥላሉ። አንድ ቀን በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ዊልስደን፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ወደ ግራ ዘመም ብለው አጠገቤ ወደቁ። ጂፒው፣ የሰፈራችን ሐኪም፣ ራሳቸውን ኤምአርአይ ይነሱ ብሎ ካምደን ሆስፒታል ሪፈር አደረጋቸው። እኔ በልቤ ዕጢ ነው ብዬ ጨርሼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ለቅሶውንም ጀምሬው ነበር።

በቀጠሯችን ቀን ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ ጥያቄ ታቀርባለች፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አስተርጓሚ ስል እንግዲህ... የልብ ማሽን አላቸው? የለም። ኦፕሬሽን አድርገዋል? የለም። ዓይናቸው ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል? የለም። አንዱንም ወደ አባቴ አላዞርኩትም። አባቴን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!

እሳቸው ግን ማንም ሳያዛቸው ቀበቶውን ፈትተው፣ ሰዓቱን አውልቀው፣ የአንገት መስቀላቸውን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ደርድረውት ነበር። ከዚያ ቀና ብለው «ብረት ነው ያለችሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ጨርሼልዎታለሁ፤ ይነሱ እንግባ።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቁጭ በይ። አለ በያት።»

«ምኑ ነው ያለው?»

በጣታቸው የቀኝ ዓይናቸውን ጥግ ነካ አደረጉ። እዚያው ወንበር ላይ፣ ያቺ ልጅ ቆማ እየጠበቀች፣ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ።

መርከቧ የእንጨት ናት። የባሕር ፈንጂ ከላዩ ብረት ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አካሏ ጣውላ፣ ብሎኗ ነሐስ ሆኖ ነው የተሠራችው። ሊወጡ ሲሉ አለቃቸው መሰላሉ ሥር ቆሞ አንድ በአንድ «ብረት?» ይላል። «የለም!» ብሎ የመለሰ ይገባል። ሰንጢ፣ ቁልፍ፣ ሁሉም ወደብ ላይ ይቀራል፤ መስቀል እንኳ ብር ይሁን ብረት እየታየ ነው። ከዚያ ጥርስ ያለው የብረት ሽቦ ወደ ኋላ ርቆ እንዲሄድ ይለቁና ውኃውን ያርሱታል፤ ፈንጂ በሰንሰለት ታስሮ ከተቀመጠ ሽቦው ይቆርጠዋል። ሌሎቹ መርከቦች የሚያልፉት እነሱ በጠረጉት መንገድ ነው።

«ስንት ፈንጂ አገኛችሁ?» አልኳቸው።

«አንድም።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

«እንኳንም አላገኘን» አሉ። «ግን አለመኖሩ የሚታወቀው እኛ ካለፍንበት በኋላ ነዋ።»

ሳቄን ዋጥኩት። ለካ በዚያ ባሕር ላይ በሰላም ለሚያልፈው ሁሉ ቀድሞ የሚያልፍበት ሰው ነበረ! ያ ሰው ደግሞ ዊልስደን ውስጥ ቆሻሻ በቀኑ አላወጡም እያልኩ የምነጫነጭባቸው አባቴ ናቸው። ወይ ጉድ!

አንድ ቀን ያ ሽቦ ተወጥሮ ተበጠሰ። ሲፈናጠር ክሩ ፊታቸውን ገረፋቸው። የመርከቧ ድሬሰር ደሙን ጠርጎ «ተርፈሃል» አላቸው፤ እሳቸው ግን አንዲት ስባሪ ውስጥ እንደቀረች ይሰማቸዋል። ቢናገሩ ብረት ያለበት ሰው ተብለው ከመርከቧ ሊወርዱ ነው። እንጀራቸውም ፍቅራቸውም እሷ ናት። በማግስቱ አለቃው «ብረት?» ሲል «የለም!» አሉ።

«ከዚያ ወዲያ ስንወጣ ሁልጊዜ ከፊት ጫፍ ላይ ነበር የምቆመው» አሉኝ። «ፈንጂው የእኔን ብረት ሰምቶ ከመጣ፣ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብዬ። የልጅ ነገር! ኋላ ሳስበው ሞተሩ ራሱ ስንት ብረት ነው።» ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ለልጅቷ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። የማሽኑ ማግኔት ስባሪዋን ሊጎትታት፣ ዓይናቸውን ሊያጠፋው ይችላል አለችኝ። «የለም» ያልኩት እኔ ነኛ! አፌን በቆረጠው። መጀመሪያ ራጅ ተነሱ፤ እውነትም ከዓይናቸው ጎን የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ቁጭ ብላለች። በረሃ አቋርጣ፣ ስንት ኬላ አልፋ፣ ስንት ኤርፖርት ተፈትሻ እዚህ ደርሳለች።

ኤምአርአዩ ቀርቶ በሲቲ ስካን አዩዋቸው። ዕጢ አልነበረም። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ወድቀው ሳይነግሩኝ ኖሮ፣ ራሳቸው ውስጥ ደም ቋጥሯል። ደሙን ቀዱላቸው፤ እጃቸው ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስታዬን የት ላድርሰው!

ሲሻላቸው አንዲት የዓይን ሐኪም ጠራችን። ስባሪዋን በቀላሉ ማውጣት ይቻላል፣ ለወደፊትም ኤምአርአይ ቢያስፈልግ አያስቸግርም አለች። «መቼ?» ልላት ስል ራሴን ያዝኩና ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባባ፣ ያውጡልዎት?»

«መርከቧ አሁን የት እንዳለች ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ጣውላዋን ነቅለው ማገዶ አደረጉት አሉ። ነሐሷንም ሸጡት። ባሕሩም ዛሬ የሌላ አገር ነው። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ አለቁ። ከእሷ የቀረው ይሄ ነው።» የዓይናቸውን ጥግ ዳሰስ አደረጉ። «ትተውልኝ በያት።»

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ እኔን ታያለች። ልተርጉምላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያን ሁሉ በምን ቃል ልንገራት? አይሆንም ለማለት ጭንቅላቴን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቅኩላት።